ቀዳዳው ለማን ነው? ከቻይና ሳንቲሞች ጋር አንድ ሳምንት

ቀን 1፣ ሻንጋይ

ከቦሌ እኩለ ሌሊት ላይ ተነስቼ ሻንጋይ የደረስኩት በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው። ሻንጣዬን ሆቴል ጣልኩና እግሬን ላፍታታ ብዬ ወጣሁ። እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው ገበያ መውጣት የለበትም። ሁለት ሰዓት ሳይሞላኝ ተሸወድኩ።

ሰውየው መንገድ ዳር ጨርቅ ዘርግቷል። አሮጌ ቁልፍ፣ የተሰነጠቀ የሻይ ማንቆርቆሪያ፣ የማኦ ባጅ፣ አንድ ሳህን ሙሉ ደግሞ ሳንቲም። ሁሉም ክብ ናቸው፤ ሁሉም መሃላቸው ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አላቸው። አንዱን አነሳሁ። አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። በቀዳዳው ዙሪያ አራት የቻይንኛ ፊደላት አሉት። ሰውየው ስልኩን አስተርጓሚ አድርጎ «የታንግ ዘመን ነው፤ 1,400 ዓመት» አለኝ። 200 ዩዋን ጠራ። በ30 ተስማማን። ብር ላወጣ እጄን ኪሴ ስከት ፊቱን አጨፈገገና አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ኪውአር ኮድ አሳየኝ። የ1,400 ዓመት ገንዘብ ይሸጣል፤ ገንዘብ ግን አይቀበልም!

ይሄ የሳንቲም አባዜ የመጣብኝ ከአጎቴ ነው። ነፍሱን ይማረውና ፒያሳ አንጥረኛ ነበር። ክረምት ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ወናፉን እነፋለት ነበር። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ እንደዚህ ያለ ባለ ቀዳዳ ሳንቲም ለሐብል አመጣችለት። ገልበጥ ገልበጥ አደረገና «ይሄ ተቀጥቅጦ አይደለም፤ ፈስሶ ነው የተሠራው» አለ። ቀዳዳው ለምንድን ነው ስለው «ለገመድ ነዋ» አለኝ። ትንሽ ቆየና «ለገመድማ ቢሆን ክብ ይበቃ ነበር» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። ያቺ ጥያቄ ሰላሳ ዓመት ከኋላዬ ስትከተለኝ ኖራለች።

ቀን 2፣ ሻንጋይ

ቀኑን ሙሉ ሻንጋይ ሙዚየም፣ የሳንቲም ክፍል ውስጥ ዋልኩ። ሌላው ጎብኚ ሸክላና ሥዕል ለማየት ይሻማል። እዚህ ሰው የለም፤ ጥበቃውና እኔ ብቻ።

የመጀመሪያው መስታወት ውስጥ ያለው ሳንቲም አይደለም፣ ዛጎል ነው። እኛ አገር ለጌጥ ከቆዳ ላይ የምንሰፋው ያው ዛጎል። ከባሕር ርቆ ለሚኖር ሰው ዛጎል ብርቅ ነው፤ አይሰበርም፣ ይቆጠራል፣ በቀላሉ አስመስለው አይሠሩትም። ዛሬም «ዕቃ»፣ «ሀብት»፣ «ውድ» የሚሉት የቻይንኛ ቃላት ሲጻፉ የዛጎል ምልክት በውስጣቸው አለ።

ቀጥሎ አካፋ መጣ። እውነት ነው የምላችሁ፣ የእጅ መዳፍ የምታክል የነሐስ አካፋ። ገበሬው የሚገለገልበት መሣሪያ ራሱ መለዋወጫ ነበር። ከዚያ እያነሰ፣ እየሳሳ መጣና መቆፈሩ ቀርቶ ገንዘብ ብቻ ሆነ። ሄናን ክፍለ ሀገር ጓንጅዋንግ በሚባል ቦታ የዚህ ዓይነት አካፋ ሲፈስበት የነበረ ወርክሾፕ ተቆፍሮ ወጥቷል። ዕድሜው ሲለካ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ640 እስከ 550 ባለው ጊዜ ውስጥ ሆኖ ተገኘ። እስካሁን ዕድሜያቸው በአስተማማኝ መንገድ ከተለካ የሳንቲም ማምረቻዎች ቀዳሚው እሱ ነው።

በምሥራቅ በኩል፣ ቺ እና የን በሚባሉት መንግሥታት፣ ገንዘቡ ቢላዋ ነበር። እጀታው ጫፍ ላይ ቀለበት አለው። ኪስ ውስጥ ቢላዋ ይዞ ገበያ መሄድን አስቡት። ደቡብ ላይ ደግሞ ቹ የሚባለው መንግሥት ዛጎል የሚመስሉ ትንንሽ ነሐሶችን ያፈስ ነበር። አካፋ፣ ቢላዋ፣ የነሐስ ዛጎል፣ ሁሉም በየመንደሩ የየራሱን። ይህን የጨረሰው ቺን የሚባለው መንግሥት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ221 ዓመት ሁሉንም ጠቅልሎ ሲገዛ የራሱን ሳንቲም በሁሉም ላይ ጫነ። ክብ፣ መሃሉ አራት ማዕዘን ቀዳዳ። «ግማሽ ልያንግ» ይላል፤ ልያንግ የክብደት መለኪያ ነው። ሰማይ ክብ ነው፣ ምድር አራት ማዕዘን ነች፣ ሳንቲሙም እንዲያ ነው ይላሉ። ቆንጆ ማብራሪያ ነው። አጎቴን ግን አያሳምነውም ነበር።

ከመውጣቴ በፊት አንዲት ነገር ፊት ብዙ ቆምኩ። የዋንግ ማንግ ቢላዋ ነች። ሰውየው ዙፋን ነጣቂ ነበር። ከእሷ የምትበልጥ ቆንጆ ሳንቲም አላየሁም፤ እጀታዋ ክብ ሳንቲም ነው፣ ፊደሏ በወርቅ ተሞልቷል። 5,000 ሳንቲም ታወጣለች ብሎ አወጀ። ነሐሷ ግን የጥቂት ሳንቲሞች ያህል ብቻ ነው። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ10 ዓ.ም. 28 ዓይነት ገንዘብ በአንዴ አወጣ። ሕዝቡ ግራ ገባው፣ ተደብቆ በድሮው ሳንቲም መገበያየት ቀጠለ። በ23 ዓ.ም. ዋንግ ማንግ ተገደለ። ቢላዋዋ ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ ከ5,000 በላይ ታወጣለች፤ ተሳክቶለታል ማለት ነው።

ቀን 3፣ ባቡር ላይ

ወደ ናንቻንግ። ፈጣኑ ባቡር ሲሄድ አይሰማም፤ ሻዬ እንኳ አልተነቃነቀም። ከጎኔ ያሉት ሴትዮ ሱፍ ይፈለፍላሉ።

ማስታወሻዬን ሳገላብጥ በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የነበረው የሳንቲም አቆጣጠር አሳቀኝ። ሳንቲም በቀዳዳው ገመድ ተሰክቶ ነው የሚቆጠረው። መቶ አንድ ዘለላ፣ አሥር ዘለላ አንድ ሙሉ ገመድ፤ ሺህ ማለት ነው። በተግባር ግን መቶው መቶ አልነበረም። መንግሥት ራሱ 77 ሳንቲም «መቶ» ነው ብሎ ደነገገ። ዋና ከተማዋ ካይፈንግ ውስጥ ደግሞ እንደየገበያው ይለያያል። መንገድ ላይ 75፣ ዓሣ፣ ሥጋና አትክልት ተራ 72፣ ወርቅና ብር ቤት 74፣ መጻሕፍት ሻጮች ዘንድ 56! መርካቶ ያደገ ሰው ይሄ አይገርመውም። ሁሉም «መቶ» ይላል፤ ሁሉም ስንት እንደሆነ ያውቃል። የሚሞኘው እንግዳው ብቻ ነው። እንደ እኔ ያለው።

ቀን 4፣ ናንቻንግ

ከከተማው ወጣ ብሎ የሃይሁን መስፍን መቃብር አለ። መስፍኑ ሊዩ ሄ ይባላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ74 ዓመት ንጉሠ ነገሥት ተባለ፤ በ27ኛው ቀን አወረዱት። ኋላ እዚህ ደቡብ ላይ መስፍን አደረጉትና ከክርስቶስ ልደት በፊት በ59 ዓመት ሞተ። መቃብሩ የታወቀው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው፤ ለዚያውም ሌቦች ቀድመው መቆፈር ስለጀመሩ።

ከሬሳው ጋር ወርቅ ቀብረዋል፤ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያላቸው አሉ። ሰዉ ሁሉ ወርቁ ጋ ይጋፋል። እኔ የሄድኩት ለሳንቲሙ ነው። ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ሳንቲም፣ ከ10 ቶን በላይ። በቁፋሮው ፎቶ ላይ የሰው ወገብ የሚደርስ የእህል ክምር ነው የሚመስለው። ተጠግታችሁ ስታዩት ጥራጥሬ ሳይሆን ሳንቲም ነው፤ ዝገቱ እርስ በርስ አጣብቆታል። አንዳንዱ አሁንም ጎን ለጎን እንደተሰካ ነው፤ ገመዱ በስብሶ ሄዷል፣ ሰልፉ ግን አልፈረሰም። ሺህ ሺህ እየሆኑ ይሰኩ እንደነበርም የታወቀው ከዚህ ነው፤ ልማዱ ከሶንግ ዘመን ከሺህ ዓመት በፊት ነበረ ማለት ነው።

ሳንቲሙ «አምስት ዡ» ነው። ዡ እንደገና ክብደት ነው፤ አምስቱ ሦስት ግራም ከሩብ ገደማ ይሆናል። ንጉሠ ነገሥት ዉ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ118 ዓመት ያስጀመረው ነው። መጀመሪያ ላይ አውራጃዎቹም ያፈሱት ነበር። ማጭበርበር ሲበዛ በ113 ሥራውን ከሁሉም ነጥቆ ዋና ከተማው አጠገብ ባለው የንጉሡ አጸድ ውስጥ ብቻ እንዲሠራ አደረገ። ከዚያ በኋላ ይህ ሳንቲም መንግሥታት ሲወድቁና ሲነሱ እሱ ሳይወድቅ ከ700 ዓመት በላይ ኖረ።

አንድ ገመድ ከሦስት ኪሎ በላይ ይመዝናል። ሂሳቡን ስልኬ ላይ ሠራሁት፤ ሃያ ገመድ ይዞ ገበያ የሚሄድ ሰው ሳንቲም የሚሸከም አህያ ያስፈልገዋል። ሲቿን ውስጥ ደግሞ ሳንቲሙ ብረት ስለነበረ ከዚህም ይብሳል። የወረቀት ገንዘብ መጀመሪያ እዚያ መፈጠሩ አይገርምም። ነጋዴዎቹ የጀመሩትን ወረቀት መንግሥት በ1024 እ.ኤ.አ. የራሱ አደረገው። ሰው ወገቡ ሲያመው ይፈላሰፋል።

ቀን 5፣ ናንቻንግ፣ ዝናብ

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። መጻሕፍት ቤት ገባሁ። የጉዞዬ ትልቁ ቀን ይህ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም።

ሶንግ ይንግሺንግ የሚባል ሰው በሚንግ ዘመን መጨረሻ ላይ ነበር። የተወለደው እዚሁ ክፍለ ሀገር፣ ፈንግሺን ነው። በ1637 እ.ኤ.አ. «ትየንጎንግ ካይዉ» የሚል የእጅ ሙያ መጽሐፍ አሳተመ። ሩዝ እንዴት እንደሚፈተግ፣ ጨው እንዴት እንደሚወጣ፣ ሸክላ እንዴት እንደሚተኮስ፣ ከነሥዕሉ። ባለሥዕሉን ገለጥኩ። ሳንቲም ማፍሰስ አለ። ስልኬን ገጹ ላይ እየደገንኩ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሻጯ ሁለቴ መጥታ አየችኝ፣ ኋላ ተወችኝ።

መጀመሪያ አራት ጣውላ ተጋጥሞ ፍሬም ይሠራል። ውስጡ እጅግ በላመ ወንፊት የተነፋ የአፈርና የከሰል ዱቄት ይጠቀጠቃል። ላዩ ላይ የከሰል አመድ ብን ይደረግበታል። እዚያ ላይ «እናት ሳንቲሞች» ይደረደራሉ፤ መቶ ናቸው፣ ከቆርቆሮ በእጅ የተቀረጹ። ሌላ የተጠቀጠቀ ፍሬም ይከደንበታል። አሁን ብልሃቱን እዩልኝ። ሁለቱ አንድ ላይ ይገለበጣሉ፤ ላይኛው ሲነሳ እናቶቹ አዲሱ ፍሬም ላይ ተኝተው ይገኛሉ። ሌላ ፍሬም ይከደናል፣ ይገለበጣል። እነዚያው መቶ እናቶች ከፍሬም ወደ ፍሬም እየተንከባለሉ አሥር ምናምን ፍሬም ላይ መልካቸውን ትተው ያልፋሉ። አጎቴ በሰም ሲሠራ አንድ መስቀል፣ አንድ ሰም ነበር፤ ሰሙ ቀልጦ ይጠፋል። እዚህ እናትየው አትሞትም።

ከዚያ ፍሬሞቹ በገመድ ይታሰራሉ። ሰውየው አፉ እንደ ንስር ምንቃር በሆነ ጉጠት የሚነደውን ማቅለጫ ከእሳት ያወጣል። ሌላው ከሥር በሌላ ጉጠት ይደግፍለታል። በየፍሬሙ አፍ እያዞሩ ያፈሳሉ። ሲቀዘቅዝ ይፈታል። መጽሐፉ እንደሚለው መቶው ሳንቲም ፍሬ እንዳንዠረገገ ቅርንጫፍ ሆኖ ይወጣል፤ ብረቱ የፈሰሰበት ቦይ ግንድና ቅርንጫፍ፣ ሳንቲሞቹ ፍሬው። አንድ በአንድ ይቀነጠሳሉ።

የብረቱም ነገር ተጽፏል። ከአሥር እጅ ስድስት ወይም ሰባት መዳብ ነው፣ ቀሪው ዚንክ። ዚንኩ ኃይለኛ እሳት ሲያገኘው ሩቡ ይጠፋል ይላል። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። አጎቴ ናስ ሲያቀልጥ ነጩ ጭስ ሲነሳ «በሩን ክፈት!» ብሎ ይጮህብኝ ነበር። ያ ጭስ የሚጠፋው ሩብ ነው።

ከታች ያለው አንቀጽ ነው ልቤን የያዘው። ሳንቲሙ ሲቀነጠስ ጠርዙ ሻካራ ነው፤ ቅርንጫፉ የነበረበት ቦታ ጉጥ ይቀራል። መሞረድ አለበት። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሳንቲሞች በአንድ የቀርከሃ ወይም የእንጨት ዘንግ ላይ ይሰካሉ፣ ጠርዛቸው በአንዴ ይሞረዳል። ፊታቸው ግን አንድ በአንድ። ሥዕሉ ላይ ሰዎቹ ተቀምጠው ይሞርዳሉ።

ዘንጉ አራት ማዕዘን፣ ቀዳዳው አራት ማዕዘን። ክብ ቢሆን ኖሮ ሞረዱ በገፋው ቁጥር ሳንቲሙ ዘንጉ ላይ ይሽከረከራል፤ ሞረዱ አይበላም። አራት ማዕዘኑ ይይዘዋል።

ገመዱን ነጋዴው የሰካው ኋላ ነው። ቀዳዳው መጀመሪያ የሞረድ ሠራተኛው ነበር። መጽሐፉን ገዛሁ፤ አንድ ቃል የማላነበው መጽሐፍ።

ቀን 6፣ ሺያን

በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት። የአክስቴ ልጅ እዚህ ኢንጂነሪንግ ይማራል። አውሮፕላን ማረፊያው መጥቶ ተቀበለኝ፤ ሻንጣዬን ተቀብሎ «ጋሼ፣ ከስተሃል» አለ። አንድ ሳምንት ኑድል ስበላ ከርሜ።

ማታ የሙስሊሞች ሰፈር ወሰደኝ፤ የበግ ሥጋ ጥብስ፣ እንደ እኛ የሚያቃጥል በርበሬ። ቻይንኛው ከአፉ ይፈሳል። ገንዘብን በቀልድ «ወንድም ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳ» ይሉታል አለኝ። ከሺህ ሰባት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የተጀመረ ቀልድ ነው። ያጣ የነጣውን ሰው «አንድ ዌን የለውም» ይሉታል፤ ዌን ባለ ቀዳዳው ሳንቲም ነው። እኛም «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» እንላለን። ቤሳውን ያየ የለም፣ ማጣቱ ግን አለ።

እኔም በተራዬ የቺን ሕግ ነገርኩት። በ1975 እ.ኤ.አ. ሁቤይ ውስጥ ከአንድ የመንግሥት ጸሐፊ መቃብር የቀርከሃ ሰነዶች ወጥተዋል። አንዱ ሕግ፣ ሰው ሲገበያይ ጥሩውንና መጥፎውን ሳንቲም ቀላቅሎ ይጠቀም፣ መርጦ «ይሄን አልቀበልም» አይበል ይላል። የመንግሥት ገንዘብም ሺህ ሺህ ተደርጎ በቅርጫት ይታሸጋል፣ ጥሩና መጥፎው ተደባልቆ። የአክስቴ ልጅ «ይሄ ሕግ ለታክሲ ረዳቶች ይተርጎምልን» አለ። ትንሽ የተቀደደች አሥር ብር ይዞ ከመገናኛ ካዛንቺስ የተጣላ ሰው ያውቀዋል።

ቀን 7፣ ሺያን

የሻንሺ ታሪክ ሙዚየም ቲኬት እንደ ቀበሌ ዘይት ነው፤ ቀድሞ ያልተመዘገበ አያገኝም። ልጁ ደግነቱ ከሳምንት በፊት ይዞልኛል።

በጥቅምት 1970 እ.ኤ.አ. ሄጂያ መንደር ውስጥ ለግንባታ ሲቆፍሩ ሁለት የሸክላ ጋንና አንድ የብር ማሰሮ አገኙ። የታንግ ዘመን የወርቅና የብር ዕቃ ተጭኖባቸዋል። ሳንቲሞችም ነበሩ፦ የፋርስ ብር፣ የቢዛንታይን ወርቅ፣ የጃፓን ብር። ቢዛንታይኑ ላይ የንጉሡ ፊት አለ። የእኛ የአክሱም ነገሥታትም እንዲህ ነበሩ፤ ከእንዱቢስ ጀምሮ ፊታቸውን በእህል ዘለላ መሃል አሳትመዋል። ያ በመዶሻ ተመትቶ የሚታተም ሳንቲም ነው። የቻይናው ላይ ግን ፊት የለም። ፈልጌ አጣሁ። ፊት ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ቀዳዳ ነው ያለው።

የታንግ ሳንቲም «ካይዩዋን ቶንግባኦ» ነው። በ621 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ጽሕፈቱ የታዋቂው ኦውያንግ ሹን ነው። ከዚያ በኋላ ሳንቲም በክብደት ስም መጠራቱ ቀረ። ጀርባው ላይ አንዳንዴ ጨረቃ የመሰለች ቅስት አለች። በአፈ ታሪኩ የሰም ናሙናው ለንግሥቲቱ ሲቀርብላት ስትነካው ጥፍሯ ምልክት ተወ፤ ማንም ለማስተካከል አልደፈረም፤ እንዲሁ ፈሰሰ። የትኛዋ ንግሥት እንደሆነች እንደ ተራኪው ይለያያል። እኔ አላምነውም። ይህን ተረት የፈጠረው ሰው ግን ሰም ነክቶ ያውቃል።

ሌላም አለ። በ845 እ.ኤ.አ. ንጉሠ ነገሥት ዉዞንግ የቡድሃ ገዳማትን ሲዘጋ ደወልና ምስሎቻቸው ቀልጠው ካይዩዋን ሳንቲም ሆኑ። ሲጸለይበት የነበረው ነሐስ ሽንኩርት ሊገዛበት ገበያ ወጣ።

የኪሴ ሳንቲም ላይ ያሉት አራት ፊደላት እነዚሁ ናቸው። መስታወቱ ላይ አስጠግቼ አነጻጸርኩ። ልቤ ትንሽ መታ።

ከሰዓት በኋላ የአክስቴ ልጅ ከሚኖርበት ሕንፃ ሥር ሳንቲም የሚሰበስቡ አንድ አዛውንት ጋ ወሰደኝ። ተቀበሉኝና ፊደሉን እንኳ አላዩትም። ጥፍራቸውን ጠርዙ ላይ አሳለፉ። አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ የራሳቸውን ሳንቲም ሰጥተው እንዲሁ እንዳደርግ ምልክት ሰጡኝ። የሳቸው ጠርዝ ላይ ጥፍሬ ስስ ጭረት ጭረት አገኘ፤ የሞረድ ፈለግ። የእኔው እንደ ሳሙና ለስላሳ ነው። አረንጓዴውን በምራቅ አሹት፣ ጣታቸው ላይ ቀረ። ልጁ «ጋሼ፣ ቀለም ነው» ብሎ ሳቁን ዋጠ። 30 ዩዋን!

ማታ እራት ላይ ሳንቲሙን ጠረጴዛው ላይ አሽከረክራለሁ። ቾፕስቲኬን አየሁ። የቻይና ቾፕስቲክ የሚበላበት ጫፍ ክብ ነው፤ የሚያዝበት ጫፍ ግን አራት ማዕዘን ነው። ሳንቲሙን በቀጭኑ በኩል አስገባሁት። ክቡ ላይ ተሽከረከረ። ገፋሁት፣ ማዕዘኑ ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ። ትንሽ ተጭኜው ኖሮ አልወጣም አለ። አስተናጋጇ መጣች፣ አየች፣ ሌላ ቾፕስቲክ ሰጠችኝና ያኛውን ውሰደው በሚል እጇን አወናጨፈች።

አዲስ አበባ

የአጎቴ ሞረዶች በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ እናቴ ቤት ናቸው። ቾፕስቲኩን ከነሳንቲሙ ጉልበቴ ላይ ይዤ ደቃቁን ሞረድ አነሳሁ። ጠርዙ ላይ ገፋሁት። ቢጫ የናስ ዱቄት ሱሪዬ ላይ ተበተነ።

ሳንቲሙ አልዞረም።